የሁለት ሳፋ ቁንጫ

«ከእሷ ጋር ነው የመጣው። እሷ ሳትገባ በፊት በዚህ ቤት ቁንጫ የሚባል ነገር በስም እንጂ በአካል አናውቅም ነበር።»

እትዬ ይህን የሰማችው ፊቷን ልትታጠብ ገብታ ቧንቧውን ለመክፈት እጇን በዘረጋችበት ሰዓት ነው። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ውሃው ቢወርድ እዚህ መሆኗን ይናገርባታል። ከበሩ ማዶ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የወንድሟ ሚስት ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ የልጇን የሚጣን ጫማ ታስራለች። መምህር ናት፣ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ቤት ውስጥም ቢሆን ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ሰሌዳ ላይ እንደምትጽፋቸው አድርጋ ነው የምታወጣቸው። ከእህቷ ጋር ስታወራ ብቻ ምላሷ ይፈታል። «አይ፣ እስካሁን አልነገርኩትም። ዛሬ ሲገባ እነግረዋለሁ። የአጎቱ ልጅ ጋ ትሂድ፤ እዚያ ሰፊ ግቢ አለ፣ ንጹሕ አየር አለ። እኔ ልጄን ለቁንጫ አልቀልብም።» ከዚያ ሣቀች። እህቷ ምን ብላ እንዳሣቀቻት አልተሰማም፤ ያልተሰማው ደግሞ ከተሰማው ይልቅ አንጀት ይቆርጣል።

«እትዬ፣ ቁርስዎን ጠረጴዛው ላይ ከድኜዋለሁ» አለች መምህሯ ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ በሩን በጣቷ ቆርቆር አድርጋ።

«እሺ የኔ እመቤት፣ ደህና ዋሉ።»

አራት ወር ሙሉ ሁለቱ ሴቶች ሲነጋገሩ ድምፃቸው ቅቤ ነው። እትዬ ሃያ ስድስት ዓመት የአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ አጣቢ ነበረች። ጡረታ በወጣች በዓመቱ የተከራየችው ክፍል ለመንገድ ሥራ ፈረሰና፣ ታናሽ ወንድሟ «ባዶ ክፍል ቁጭ ብሎ እህቴ የት ትወድቃለች» ብሎ አመጣት። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል፤ በአራተኛው ወር ምን እንደሚሆን የነገራት ግን የለም። የአጎታቸውን ልጅ ቤት ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ ለለቅሶ ሄዳ ስድስት ቀን መጋዘን ውስጥ ከጆንያ ክምር ጋር ተኝታለች፤ የሰውዬው ሚስት ማለዳ ማለዳ እየመጣች ጆንያዎቹን ትቆጥር ነበር። እዚያ የተላከን ሰው መልሶ የሚጠራው የለም። ወንድሟ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይገባል። እስከዚያ ቁንጫው ከሌላ ቦታ መምጣቱን ካላሳየች ነገ ሻንጣዋ በር ላይ ነው።

ቤቱ የወንድሟ የእጅ ሥራ ነው። አናጢ ነው፤ ሊያገባ ሲል ከወጥ ቤቱና ከመታጠቢያ ቤቱ በቀር ሁሉንም ክፍል፣ ምስማር አጣሞ በሚመልስ ጠንካራ ጣውላ አንጥፎታል። ለወለሉ ያለው ፍቅር ከቅናት አይተናነስም። «እንጨት ውሃ ከጠጣ እንደ ሰካራም ያብጣል» ይላል፤ ስለዚህ በዚህ ቤት ባልዲ ይዞ ጣውላ ላይ የታየ ሰው የለም፤ ወለሉ የሚያውቀው ደረቅ ጨርቅና ሰም ብቻ ነው። ነገር ግን በጋ በመጣ ቁጥር እንጨቱ ይኮማተርና በጣውላና በጣውላ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል። ፍርፋሪው፣ መርፌው፣ የሚጣ ዶቃ ሁሉ እዚያ ይገባል፤ የገባ አይወጣም። ከሁለት ወር በፊት የሚጣ ቁርጭምጭሚት ቀይ ነጠብጣብ አወጣ። መድኃኒት ረጪ ሁለት ጊዜ መጣ፤ በመጣ ቁጥርም የሳምንት አስቤዛ ይዞ ሄደ። ዐሥር ቀን ጸጥ ይላል። በዐሥራ አንደኛው ቀን ራት ላይ አንዱ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሲያክ ሌላው እንዳላየ ፊቱን ያዞራል።

ከዚያ የተነሣው ጥርጣሬ ከቁንጫው ይብስ ይበላ ነበር። መምህሯ አንድ ቀን ልብስ እያጠፈች፣ እንደ ዋዛ፣ «እትዬ፣ የበፊቱ ቤትዎ ድመት ወይ ውሻ ነበረ እንዴ?» አለቻት። «አልነበረም፤ ኧረ ራሴን ማኖር ያቃተኝ» አለች እትዬ። ሣቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የእትዬ አንሶላ ለብቻው ይታጠባል፤ «ለጤናዎ ብዬ ነው» ተብሎ። እትዬም በበኩሏ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ፣ ዓይኗን የሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተከለች። ቀይና ወፍራም ነው፣ ዳርና ዳሩ ዘርፍ ያለው፤ የመምህሯ እናት ባለፈው ዓመት ሲሞቱ ከቤታቸው የመጣ። እናትየው ጠጉራም ውሻ ነበራቸው፤ ያንን ውሻ ታዲያ ምነው ማንም አያነሣው? ደግሞስ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ትመጣለች የተባለችው የመምህሯ እህት የት ልትተኛ ነው? እትዬ ማታ ማታ ይህን ሁሉ ስታገጣጥመው፣ ወንድሟ እንደሚሠራው ጣውላ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥምላታል።

የግቢው በር ሲዘጋ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጣች። ቁርሱን አልነካችውም። ከሻንጣዋ ነጭ የትራስ ልብሶቿን አወጣች። ሆቴል ሳለች፣ እንግዳ ተነከስኩ ብሎ ሲያማርር፣ የክፍሉ ኃላፊ አንዷን አጣቢ ጠርታ በሁለት እግሮቿ እስከ ጉልበት የትራስ ልብስ አጥልቃ በክር ታስርላታለች። አጣቢዋ ክፍሉ ውስጥ ቆማ መቶ እስክትቆጥር ወለሉን ትረግጣለች። ቁንጫ ኮቴ ሲሰማ ይነሣል፤ የእግር ሙቀት ሲሸተው ይዘላል፤ ነጩ ላይ ያርፋል። ከዚያ የትራስ ልብሱን ገልብጦ ሳሙና የተበጠበጠበት ሳፋ ውስጥ መድፈቅ ነው። በሳሙና ውሃ ቁንጫ አይንሳፈፍም፤ እንደ ጎመን ዘር ታች ይዘቅጣል፣ አንድ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል።

ከወጥ ቤቱ ጀመረች፤ ሲሚንቶ ስለሆነ ምንም የለም። ኮሪደሩ ሦስት። የሚጣ ክፍል አምስት። የባልና የሚስቱ መኝታ ቤት ደፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ግቢ ብሎ የፈቀደላት የለም። የቁም ሣጥኑ መሳቢያ ጣት ታህል ተከፍቷል፤ መምህሯ የገባ ሰው እንዳለ ለማወቅ ሆን ብላ እንዲህ የተወችው መሰላት። እጆቿን እንደ እስረኛ ወደ ኋላ አጣምራ ገባች፣ መቶ ረግጣ ወጣች። ሁለት። ሳሎን ምንጣፉ መሐል ቆማ ግን እንደ ሠርገኛ ነው የረገጠችው። ሳፋው ውስጥ ስትደፍቀው አሥራ አንድ ዘቀጠ።  ሌሎቹን ሽንት ቤት ደፍታቸው ነበር፤ የሳሎኑን ሳፋ ግን ለምስክር ብላ ጥግ አስቀመጠችው።

የቀረው የራሷ ክፍል ነበር። ለወጉ ያህል ብላ ነው የገባችው። ንጹሕ የትራስ ልብስ አጠለቀች፣ ሌላ ሳፋ አዘጋጀች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ረገጠች። ሠላሳ ሳትደርስ እግሯን አየች። ነጩ ጨርቅ በርበሬ እንደነሰነሱበት ሆኗል። «ከሳሎን ይዤው መጥቼ ነው» አለች ለራሷ ጮክ ብላ። የሌላ ሰው ፍርድ የሰማች ያህል ድምጿ አስደነገጣት። የትራስ ልብሱን ሳፋው ውስጥ ደፍቃ፣ ሌላ ቀይራ ደገመችው። ብሶ መጣ። ስልሳ ላይ መቁጠሯን ተወች። ወደ በሩ ስትጠጋ ይቀንሳል፣ ወደ አልጋው ስትጠጋ ይበዛል። ተንበርክካ የአልጋውን ልብስ ገለጠች። አልጋው ሥር፣ ከግድግዳው ተጣብቆ፣ አንድ ግራጫ የወንበር ትራስ ጎኑ በተቀደደ ፌስታል ውስጥ ተቀምጧል።

በፈረሰው ቤቷ መስኮት በኩል አንዲት ቀላ ያለች ድመት ትመጣ ነበር። የእሷ አልነበረችም፤ ስምም አልሰጠቻትም። ከሥራ ስትመለስ ወንበሩ ላይ ተጠቅልላ ታገኛታለች፤ ይተያያሉ፣ የተረፈ ካለ ታቀምሳታለች፣ ጎህ ሲቀድ ድመቷ በመጣችበት ትሄዳለች። ጡረታ ከወጣች በኋላ በቀን ውስጥ «መጣሽ?» የምትለው ለእሷ ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር። አፍራሾቹ የመጡ ዕለት ድመቷ ጠፋች። እትዬ ወደ ወንድሟ ስትገባ አንሶላዋን፣ ብርድ ልብሷን፣ ካልሲዋን ሳይቀር አፍልታ ነው ያጠበችው፤ ወንድሟ «እትዬ እኛንም እንዳታፈዪን» እስኪላት ድረስ። ትራሱን ብቻ አላጠበችውም። መሐሉ ላይ ድመቷ የተኛችበት ጎድጓዳ ነበር፤ ቢታጠብ ይነፋና ይጠፋል። የስንቱን ሰው እድፍ ስታስለቅቅ የኖረች ሴት፣ አንዱን ነገር ለይታ ሳታጥብ አልጋዋ ሥር ሸሸገችው፤ ድመት ነበረ ወይ ስትባልም አልነበረም ብላ ካደች። አሁን ትራሱን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳለች ያፈረችው በቁንጫው አልነበረም። መምህሯ እውነቷን መሆኑ ነው ያሳረራት።

ትራሱን በሁለት ፌስታል ደራርባ ቋጠረችው፤ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ስባ ከመንገዱ ማዶ ካለው የቆሻሻ ገንዳ ከተተችው። ስትመለስ መድኃኒት ረጪውን በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ለሦስተኛ ጊዜ የተጠራ ሰው ነው፤ ታንኩን አዝሏል፣ የአፍ መሸፈኛው አገጩ ሥር ተንጠልጥሏል፣ አፉ ግን አያርፍም።

«እናቴ፣ ቁንጫ እንደ ዘመድ ነው» አላት ጫማውን እየጠራረገ። «አንዴ ከገባ በር ቢያሳዩት አይገባውም።»

እትዬ ፊቷ ተለዋወጠ። ሰውዬው ግን የሚቀልደው በየቤቱ የሚቀልደውን ነበር። ወለሉን በጥፍሩ ጫር ጫር አድርጎ ከስንጥቁ ጥቂት ግራጫ አቧራ አውጥቶ አሳያት። «ይሄን አዩት? የጎለመሰውን መድኃኒቴ ይገድለዋል። ሕፃኑ ግን እዚህ ታች በድር ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ አይደርስበትም። ሰው ሲረግጥ ይነቃል። ሲሚንቶ ቤት ቢሆን ይኼኔ ተሰነባብተናል። አሁን ስንጥቅ ስንጥቁን በየቀኑ በቀጭን ብሩሽ ጠርጋችሁ፣ አቧራውን ሳሙና ውሃ ውስጥ እየከተታችሁ፣ አንድ ወር። ግን መነሻውን ካላገኛችሁት እኔ እየተመላለስኩ እዚህ እሸብታለሁ። መነሻው የት ነው?»

ጥያቄው እንዲህ በቀላሉ ይመጣል ብላ አላሰበችም። «ሳሎን» አለች። «ምንጣፉ ነው።»

«የእርስዎስ ክፍል?»

«እዚያ ሁለት ሦስት ብትሆን ነው።»

ሳሎኑን አጥለቀለቀው፤ የእሷን ክፍል ግን በር ላይ ቆሞ ለአመል ያህል ነፋ አደረገና ወጣ። እሱ ከሄደ በኋላ ሁለቱን ሳፋዎች አየቻቸው። አንዴ ከአፍ የወጣ ነገር ማገር ይፈልጋል። የክፍሏን ሳፋ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ጠብ ሳታደርግ፣ ሳሎን ወስዳ አስቀመጠች፤ የሳሎኑን ደግሞ ዘጠኝ ቁንጫ በማንኪያ ለቅማ ሁለት አስቀርታ፣ ወደ ክፍሏ ደጃፍ አመጣችው።  

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ደረሱ፤ ወንድሟ የመጋዝ ብናኝ ቅንድቡ ላይ እንዳለ፣ መምህሯ ደብተር ተሸክማ፣ ሚጣ በአንድ እግሯ እየዘለለች። መምህሯ ባሏን ለብቻው ልትጠራው አፏን ስትከፍት እትዬ ቀደመቻት። «ና እስቲ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላሳይህ።» የሆቴሉን ዘዴ አስረዳችው። ሳፋዎቹን አሳየችው። አናጢው መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ፣ የእንጨት ጉድለት እንደሚፈልግ ሰው ረጋ ብሎ አየ፤ ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«እናትሽ ውሻ ነበራቸው፣ አይደል?»

«ምንጣፉን ባለፈው ሳምንት ፀሐይ ላይ አውጥቼ ደብድቤዋለሁ» አለች መምህሯ። «ራሴ።»

«በፀሐይ የሚሞት ቢሆንማ እዚህ ምን ያደርጋል።»

መምህሯ ምንጣፉን አየችው። ልጅ ሳለች በሆዷ ተኝታ ፊደል የቆጠረችበት ምንጣፍ ነው፤ አንድ ጊዜ ስታስተካክለው ለሚጣ ስትነግራት እትዬ ሰምታለች። አናጢው ጠረጴዛውን ገፍቶ ምንጣፉን ጠቀለለው፣ በገመድ አሰረው፣ ትከሻው ላይ ጣለው። «ነገ ጠዋት የወርክሾፑ ምድጃ ይበላዋል።» በሩ ጋ ሲደርስ ምንጣፉን እንደተሸከመ ዞር አለና፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «እስኪጠፋ ድረስ ሚጣ ከእትዬ ጋር ትተኛ። የሷ ክፍል ሳሎኑ አጠገብ ነው። ንጹሑ የእትዬ ክፍል ነው» ብሎ ወደ መኪናው ወጣ።

መምህሯ ሳፋዎቹን አየች፣ ከዚያ እትዬን አየቻት። ተማሪ የቤት ሥራውን ራሱ ሠርቶ እንደሆነ ለማወቅ የሚታየው ዓይነት አስተያየት ነበር። «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለች ረጋ ብላ። «ሚጣ፣ ትራስሽን ያዢ።»

ልጅቷ ደስ ብሏት ጫማና ካልሲዋን ኮሪደሩ ላይ ወርውራ፣ ትራሷን በብብቷ ይዛ መጣች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሮጌው ቀይ ነጠብጣብ ደርቋል፤ አጠገቡ አዲስ አለ። ባዶ እግሯ የእትዬን ክፍል ደፍ ሊሻገር ተነሣ። እትዬ አላሰበችበትም። እጆቿ ሄደው ልጅቷን ከብብቷ ሥር ይዘው አነሷት።

«እትዬ ልውረድ።»

«ትወርጃለሽ፣ ቆይ።»

«ምነው፣ ያውርዷት እንጂ» አለች መምህሯ። አንሶላ ይዛ ከኋላ ቆማለች። «ትከብዳለች።»

«ምንም አትል።»

«ወለሉ ንጹሕ ነው ተባለ አይደለም እንዴ?»

እትዬ ልጅቷን ወደ ላይ ሳብ አደረገቻት። ልጅቷ ተረከዟን እያወዛወዘች ጭኗን ትመታታለች፤ ክብደቷ ክንዷን እያዛለው መጣ። ከውጭ አናጢው ምንጣፉን መኪናው ላይ ሲያሥር የገመዱ ጭርጭርታ ይሰማል። ዝም ብትል ነገሩ አልቋል፤ ክፍሉ የእሷ ነው፣ አልጋው የእሷ ነው። ዝም ካለች ግን ይህችን ልጅ ማውረድ አለባት።

«ልጅቷን ተቀበይኝ» አለች። በአራት ወር ውስጥ ድምጿ ቅቤ ሲያጣ የመጀመሪያው ነበር። «ምንጣፉን መልሰው በይው። ከእኔ ክፍል ነው የመጣው። ድመት ነበረች።»

«የለኝም ብለውኝ ነበር።»

«የእኔ አልነበረችም። ትመጣ ነበር።»

መምህሯ ሚጣን ተቀብላ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻትና ወደ ደጁ ሄደች። እትዬ ደፉ ላይ እንደቆመች ጆሮዋን ጣለች፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ይህ ጆሮ አላረፈም። «ስማ፣ ምንጣፉን ፍታው» ሲል ተሰማ የመምህሯ ድምፅ። «እንዴት?» «ፍታው አልኩህ። ቆጠራው ስህተት ነበር።» የማን ስህተት እንደሆነ አልነገረችውም። እትዬ ጠበቀች፤ ሌላ ቃል አልመጣም። የአጎት ልጅ ቤት፣ ሰፊ ግቢ፣ ንጹሕ አየር፣ ምንም። ይህ ዝምታ ምሕረት ይሁን ለሌላ ቀን የተቀመጠ ዱላ፣ መለየት አልቻለችም።

«እናንተ መጀመሪያ እርስ በርስ ተነጋገሩና ከዚያ ጥሩኝ» አለ አናጢው ምንጣፉን ተሸክሞ ሲመለስ። «እኔ በገዛ ቤቴ ተሸካሚ ሆኜ ቀረሁ።»

መምህሯ ስትመጣ የሱሪዋን ጫፍ ካልሲዋ ውስጥ ከታ፣ በአንድ እጇ ቀጭን ብሩሽ፣ በሌላው የሳሙና ውሃ ሳፋ ይዛ ነበር።

«የትኛው ጥግ ነው?» አለች።

«ከአልጋው ሥር።»

ሳፋውን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣ ገባች። አንዷ በራስጌ፣ አንዷ በግርጌ አልጋውን ያዙ፤ ሲያነሡት አልተያዩም።